የመጸው ዝናብ ለማን በረከት፣ ለማን ጉዳት?

መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወቅት ነው። በዛሬው ትምህርታችን የመጸው ዝናብ ለሰብልና ለግጦሽ ምን እንደሚያመጣ እንመለከታለን።

1. ደጋና ወይና ደጋ፦ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ገበሬው የሚፈልገው ፀሐይ ነው። የደረሰ ጤፍ ዝናብ ካገኘው ይጋደማል፤ ፍሬውም ይረግፋል። ታጭዶ ያልተከመረ ነዶ ከራሰ ይሻግታል፤ ወይም እንደ ብቅል ይበቅላል። በ1990 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ያለ ወቅቱ የጣለው ዝናብ ለመኸር ምርት መቀነስ አንዱ ምክንያት ነበር። የጠራ ሰማይም ጣጣ አለው፤ ሌሊት ውርጭ ወርዶ ዘግይቶ የተዘራውን ባቄላና ገብስ ይመታል።

2. ቆላ፦ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በሰሜን ኬንያ ግን መጸው የዝናብ ወቅት ነው። ቦረናዎች «ሀገያ»፣ ሶማሌዎች «ደይር» ይሉታል። ካልጣለ ሣር አይበቅልም፤ ኩሬ አይሞላም፤ የላሟ ወተት ይነጥፋል። ከ2013 ዓ.ም. መጸው ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ስለከሸፉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አልቀዋል።

እንግዲህ ከዘመድ «ዘነበ» የሚል ወሬ ሲደርሰን ደስ ከማለታችን በፊት «የት? አዝመራው ተሰብስቧል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ካምፕ ውስጥ ተወልደው አውድማ አይተው ለማያውቁ ልጆቻችንም ይህን ልዩነት እናስረዳቸው።

ጥያቄ ለተማሪዎች፦ የወላጆቻችሁ አገር ደጋ ነው ወይስ ቆላ? በኅዳር የሚጠበቀው ፀሐይ ነው ወይስ ዝናብ? ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።