የጓሮ እንግዶች

በደጋ አገር ማለዳ ወደ ጓሮው የሚወጣ ሰው ብቻውን አይደለም። በቤቱ ክዳን ላይ ማጅራቷ ነጭ የሆነ ግራጫ ርግብ ታርፋለች። መንቁረ ወፍራሙ ጥቁር ቁራም ከደጅ ጥራጊ ይለቅማል። ይህች ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር አትገኝም፤ ቁራውም መኖሪያው የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው። የአገሩ ሰው ዘወትር ስለሚያያቸው እንደ ተራ ነገር ይቆጥራቸው ይሆናል፤ እነርሱን ለማየት ግን ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ አለ።

በጓሮው ዋንዛ ካለ እንግዶቹ ይበረክታሉ። አበባውን ንብ ትቀስመዋለች። ጣፋጭ ፍሬውን ወፎች ይበሉታል፤ ዘሩንም በሌላ ስፍራ ይጥሉታል። እንዲህ ዛፍ ወፍን ይመግባል፤ ወፍም ዛፍን ይተክላል። ነገር ግን የዋንዛ ጣውላ በገበያ እጅግ ስለሚፈለግ ዛፉ በብዙ ስፍራ ተመናምኗል። ዋንዛውን የሸጠ ሰው ገንዘቡን አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ ጥላውን፣ ማሩንና የማለዳውን ዜማ ግን ለብዙ ዘመን ያጣል።

ስለዚህ የተፈጥሮ ጥበቃ ከገዛ ጓሮ ይጀመራል። ችግኝ የሚተክል፣ የወፍ ጎጆ የማያፈርስ፣ ወንጭፉንም የሚያስቀምጥ ልጅ የአገሩን ሀብት ጠባቂ ነው።

መልመጃ፦
1. ወፍ ዛፍን የሚተክለው እንዴት ነው?
2. ዋንዛ የመነመነበት ምክንያት ምንድን ነው?