የእንግሊዝኛ ቃል ጥናት፦ «ኢምፕዩደንት»



በዚህ ትምህርት የምንመለከተው «ኢምፕዩደንት» የሚለውን ቃል ነው። ሲጻፍ አይ-ኤም-ፒ-ዩ-ዲ-ኢ-ኤን-ቲ ነው። ሲነበብ «ኢም» ላይ ጠበቅ ይደረጋል። ቃሉ ቅጽል ሲሆን ስሙ «ኢምፕዩደንስ» ይባላል።

ትርጉም

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። «ኢም» አፍራሽ ሲሆን ቀሪው ክፍል ማፈርን ያመለክታል። ስለዚህ መነሻ ትርጉሙ «የማያፍር» ማለት ነው። እኛ ዓይን አውጣ፣ ዓይነ ደረቅ፣ ይሉኝታ ቢስ ከምንለው ጋር ይቀራረባል።

አጠቃቀም

ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ታላቁን፣ አስተማሪውን ወይም አለቃውን ለሚዳፈር ሰው ነው።

ምሳሌ፦ «ዘ ኢምፕዩደንት ቦይ ላፍድ አት ዚ ኦልድ ማን።» (ዓይን አውጣው ልጅ በሽማግሌው ላይ ሳቀ።)

ቃሉ ከበድ ያለ ነው፤ ከዕለት ንግግር ይልቅ በመጻሕፍት ይበዛል። በብሪታኒያ እንግሊዝኛ ቀለል ላለው የልጅ ድፍረት «ቺኪ» ይባላል። ይህም «ቺክ» (ጉንጭ) ከሚለው ቃል የወጣ ነው።

ተጠንቀቁ

1ኛ. በአማርኛ «ደፋር» ስንል ማመስገንም መንቀፍም ይሆናል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያል። «አባቴ ደፋር ሰው ነበር» ብላችሁ ጀግንነቱን ለመግለጽ ስትፈልጉ «ብሬቭ» በሉ። «ኢምፕዩደንት» ካላችሁ አባታችሁን ሰደባችሁ ማለት ነው። ድርሰት ስትጽፉም ሆነ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ይህን አትርሱ።

2ኛ. ከ«ፒ» ቀጥሎ «አር» ከገባ ቃሉ «ኢምፕሩደንት» ይሆናል። ትርጉሙም «ጥንቃቄ የጎደለው» ማለት ነው።

3ኛ. ወላጆች ሆይ፣ ስለ ልጃችሁ ይህ ቃል ያለበት ወረቀት ከትምህርት ቤት ቢደርሳችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት ልጁ ምን እንዳደረገ መምህሩን ጠይቁ። ያልገባውን በጨዋ ደንብ የሚጠይቅ ተማሪ «ኢምፕዩደንት» አይባልም። ዝም እንዲል ብትገሥጹት የሚጎዳው ትምህርቱ ነው።

መልመጃ

«ብሬቭ»፣ «ኢምፕዩደንት» ወይም «ኢምፕሩደንት» በማለት መልሱ።

ሀ/ እናቱ ስትመክረው እያሾፈ የሚመልስ ልጅ።
ለ/ ወንዝ ሊወስደው የነበረን ሕፃን ዋኝታ ያወጣች ልጅ።
ሐ/ የወሩን ዱቄት ሸጦ ገንዘቡን በአንድ ቀን የጨረሰ ሰው።

መልስ፦ ሀ/ ኢምፕዩደንት፤ ለ/ ብሬቭ፤ ሐ/ ኢምፕሩደንት።

አሁን ደግሞ በእያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ሠርታችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።