ዘሩ የማይበቅልለት ፖም

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ዛፍ መጻፋችን የሚያስገርማቸው ጓደኞች ይኖሩ ይሆናል። ነገሩ ግን ከእርሻ ትምህርት ይልቅ ለብራና ጸሐፊዎች ታሪክ የቀረበ ሆኖ አግኝተነዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃምሸር ሳውዝዌል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ በ1809 ሜሪ አን ብሬይልስፎርድ የተባለች ልጃገረድ የፖም ዘር ተከለች፤ ዘሩም በቅሎ ዛፍ ሆነ። ልጅቱ አግብታ ከቤቱ ወጣች። በ1846 ቤቱን ከነአትክልቱ የገዛው ማቲው ብራምሊ የሚባል ባለልኳንዳ ነበር። በ1856 ደግሞ ሄንሪ ሜሪዌዘር የተባለ የ17 ዓመት ችግኝ አፍይ ፍሬውን አይቶ ቀንበጥ እንዲቈርጥ ለመነው። ባለቤቱም ፖሙ በስሙ እንዲጠራ ተዋውሎ ፈቀደለት። እንግዲህ የገዢው ስም ሲቀር የተካይዋ ተረሳ! እርስዋም ከዚያ በፊት በ1852 ሞታ ነበርና ዝናውን አላየችም።

ቀንበጥ ለምን አስፈለገ? ዘሩን ወስዶ መትከል አይበቃም ነበርን? እኛ የቡና አገር ልጆች ዘር እናቱን ይመስላል ብለን እናስባለን፤ ቡናችን በገዛ ራሱ የአበባ ዱቄት ስለሚያፈራ አብዛኛውን ጊዜ ይመስላታል። ፖም ግን እንዲህ አይደለም። ዱቄቱን ንብ ከሌላ ዓይነት ዛፍ ታመጣለታለች፤ ስለዚህ በአንድ ፍሬ ሆድ ውስጥ ያሉት ዘሮች እንኳ ቢተከሉ እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ዛፍ ይወጣቸዋል፤ አብዛኞቹም ለመብል የሚረቡ አይሆኑም። አንዱን ዓይነት እንዳለ ለማቈየት ቀንበጡን ቈርጦ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ አጣብቆ ማሰር ግድ ነው። እንሰት የሚተከልበት አገር ያደገ ጓደኛችን ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ እንሰትም የሚባዛው ከተቀበረው አምቾ በሚወጣው ችግኝ ነውና።

ስለዚህ ዛሬ ያለው ብራምሊ ፖም ሁሉ የዚያው የአንድ ዛፍ አካል ነው። ጥሬውን ሲበሉት አፍ ያኮማትራል፤ ሲበስል ግን ሟሙቶ እንደ ገንፎ ይለሰልሳል። እናቲቱን ዛፍ በ1900 ማዕበል ጣላት፤ ከወደቀችበት እንደገና አቈጠቈጠች። በኋላም ሥር የሚያበሰብስ ፈንገስ ያዛት፤ በ1990ዎቹ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከአካልዋ ጥቂት ወስደው በቤተ ሙከራ አዳዲስ ችግኞች አበቀሉ።

በኬንት አውራጃ ብሮግዴል በሚባለው ስፍራ ከ2,000 የሚበልጡ የፖም ዓይነቶች በብሔራዊ ስብስብ ተጠብቀው ይገኛሉ። ታዲያ ይህ ካለ አሮጌው የፍሬ አትክልት ተመንጥሮ ቤት ቢሠራበት ምን ይጎዳል? የሚል ክርክር አለ። እኛ በዚህ አንስማማም። ሌላው ፖም አብዛኛውን ጊዜ 34 ክሮሞሶም ሲኖረው ብራምሊ 51 አለው፤ በዚህም ምክንያት የአበባው ዱቄት እምብዛም አይረባም። ከጎረቤቱ ይቀበላል እንጂ ለጎረቤቱ አይሰጥም። ጎረቤቱም በፈንታው ሌላ ጎረቤት ይፈልጋል። ስለዚህ ብራምሊ የሚተክል ገበሬ ቢያንስ ሦስት ዓይነት መትከል አለበት። ብቻውን የሚኖር ፖም የለም ማለት ነው።

አሮጌው ቦታ ሌላም ነገር ይዟል። በተቦረቦረው የሽማግሌ ዛፍ ግንድ ውስጥ የበሰበሰውን እንጨት እየበላች የምታድግ፣ አረንጓዴዋ የምታብረቀርቅ ብርቅ ጢንዚዛ አለች፤ ወጣት ዛፍ አይሆናትም። ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ስም የሌላቸው ዛፎች ናቸው። ባለቤቱ የትኛው ፖም በየትኛው ወር እንደሚለቀም፣ የትኛውስ ገለባ ላይ ተጋድሞ እስከ ጸደይ እንደሚቈይ ያውቅ ነበር፤ ሲሞት ስሙም ዕውቀቱም አብረውት ተቀበሩ። ዛሬ ከቅጠሉ ዲ.ኤን.ኤ. ወስዶ በስብስቡ ካሉት ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ አንዳንዱ ስሙን ያገኛል፣ አንዳንዱ ግን አቻ ይታጣለታል። እንዲህ ያለው ዛፍ ምናልባት በዓለም ላይ የመጨረሻው ነው፤ መጋዝም ደርሶበት ይሆናል።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። በብርዱ ወራት ቅጠሉ ረግፎ ዛፉ ሲተኛ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀንበጥ ይቈረጣል፤ እንዳይደርቅ በቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ይቀመጣል፤ በመጋቢት ገደማ በተሳለ ቢላዋ ከችግኙ ጋር ተገጣጥሞ ይታሰራል። በየመንደሩ ያሉ የፍሬ ወዳጆች በዚያ ሰሞን እየተሰበሰቡ ቀንበጥ ይለዋወጣሉ፤ በእያንዳንዱም ላይ የፖሙን ስም ጽፈው ያስራሉ።