ቤተልጁዝ፦ በአንድ ነጥብ ስሙ የተዛባው ኮከብ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት፣ ምሽት ላይ ሰማዩን የሚመለከት ሰው በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ከዋክብትን በቀላሉ ያገኛል። እነዚህ የኦሪዮን ኅብረ ከዋክብት መቀነት ናቸው። ከመቀነቱ በስተሰሜን ወደ ቀይ የሚያደላ ደማቅ ኮከብ ይታያል፤ ስሙ ቤተልጁዝ ነው።

አጠራሩ «ቤት» ከሚለው ቃል የመጣ ቢያስመስለውም ዝምድና የላቸውም። የጥንት ዐረቦች በዚህ የሰማይ ክፍል «አል-ጀውዛእ» የሚሏት ሴት ትታያቸው ነበር። ቀዩንም ኮከብ «የድ አል-ጀውዛእ»፣ ማለትም «የጀውዛእ እጅ» ብለውታል። «የድ» ከግእዙ «እድ» ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል ነው።

ስሙ የተዛባው በመካከለኛው ዘመን የዐረብኛ የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ወደ ላቲን ሲተረጎሙ ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት የ«የ» እና የ«በ» ድምፅ ፊደላት በቃል መነሻ ላይ ቅርጻቸው አንድ ነው። የሚለዩት ከሥራቸው ባለው ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ የፊተኛው ሁለት፣ የኋለኛው አንድ ነጥብ አለው። ሁለቱ ነጥቦች እንደ አንድ በመነበባቸው «የድ» ወደ «በድ» ተለወጠ። ኋላ የተነሡ የአውሮፓ ሊቃውንትም ቃሉን ለመፍታት ሲጥሩ «ብብት» የሚል ትርጉም ሰጡት፤ ይህም በብዙ መጻሕፍት ሲደጋገም ኖረ። ትክክለኛውን አመጣጥ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጥናት ያስረዱት ጀርመናዊው የዐረብኛ ሊቅ ፓውል ኩኒች ናቸው።

ኮከቡ ራሱ ቀይ ልዕለ ግዙፍ ከሚባሉት ወገን ነው። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ምድርን ጨምሮ እስከ ማርስ ምሕዋር ያለውን ስፍራ ይውጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 አልበርት ማይክልሰንና ፍራንሲስ ፒዝ በካሊፎርኒያው የዊልሰን ተራራ ቴሌስኮፕ ስፋቱን ለኩ፤ ከፀሐይ በቀር ስፋቱ በቀጥታ የተለካ የመጀመሪያው ኮከብም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ ብርሃኑ በዐይን እስኪለይ ድረስ ሲደበዝዝ ብዙዎች የሚፈነዳበት ጊዜ የደረሰ መስሏቸው ነበር። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ኮከቡ ራሱ ከተፋው ጋዝ የተፈጠረ የአቧራ ደመና እንደሆነ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል። ፍንዳታው አይቀርም፤ የሚጠበቀው ግን በ100,000 ዓመታት ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 በሃዋይ የሚገኘው የጄሚናይ ሰሜን ቴሌስኮፕ ከቤተልጁዝ አጠገብ የደበዘዘ ጓደኛ ኮከብ ምልክት አሳየ። የተሰጠው ስም «ሲዋርሃ» ሲሆን፣ በዐረብኛ «አምባሯ» ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች የተሳሳተውን ብብት ትተው የጥንቷን ሴት እጅ አስታውሰዋል፤ አምባር የሚጠለቀው በእጅ ነውና።