በደል የአድራጊው፣ ጥበቃ የሁላችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የዛሬው ትምህርታችን በመኪና ሆን ተብሎ ስለሚፈጸም ግድያና ከግድያው በኋላ በአደባባይ ስለሚነሣው ክርክር ነው። ንባባችን የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ከቁጥር 1 እስከ 5 ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ገልጣችሁ ቦታውን ያዙልኝ።

አስቀድመን ነገሩን እንደሆነው እንወቅ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2025፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ጾመ ነቢያት ሊፈታ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ በኒው ኦርሊንስ ከተማ አንድ ሰው የተከራየውን ፎርድ ፒክአፕ በቦርቦን ጎዳና አዲስ ዓመት በሚያከብሩ እግረኞች ላይ ነዳው። 14 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ነጂው ከፖሊስ ጋር ተታኩሶ ተገደለ። በመኪናውም ላይ የአይሲስ ባንዲራ ተገኘ።

ለእኛ ለአትላንታ ነዋሪዎች ነገሩ የሩቅ ወሬ አልነበረም። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን በዚያው ዕለት ማታ በኒው ኦርሊንስ ሹገር ቦውል በተባለው ግጥሚያ ሊጫወት ነበርና ብዙ ደጋፊ ከዚህ ተነሥቶ ሄዷል። ጨዋታው ለማግሥቱ ተላለፈ። ክፉኛ ከቆሰሉት አንዷም የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች።

የሟቾቹ ስም እንኳ ሳይታወቅ ክርክሩ ቀደመ። መኪናው በቅርቡ ከሜክሲኮ ድንበር ተሻግሮ የገባ ነው የሚል ዜና ተሰራጨ። ገና ሥልጣን ያልተረከቡት ተመራጩ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ነገሩን ከውጭ ከሚገቡ ወንጀለኞች ጋር አያይዘው ጻፉ። በኋላ እንደታወቀው ገዳዩ ቴክሳስ ተወልዶ ያደገ፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ የ42 ዓመት ዜጋ ነው። የድንበሩም ዜና ታረመ። የመጀመሪያውን ወሬ የሰማ ሁሉ ግን እርማቱን አልሰማም።

አሁን ወደ ንባባችን እንመለስ። ሰዎች ወደ ጌታችን መጥተው ጲላጦስ የገሊላ ሰዎችን መሥዋዕት ሲሠዉ እንዳስገደላቸው ነገሩት። ገዳዩ የሮም ሹም ነው፤ የሞቱት አይሁድ ናቸው፤ የፈሰሰውም ደም ከመሥዋዕት ደም ጋር ተቀላቅሏል። ሃይማኖትም ፖለቲካም ያለበት ወሬ ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ የሰማ ሰው ወዲያው ወገን ይለያል። ጌታችን ግን ሁለት ነገር አደረገ። መጀመሪያ፣ እነዚያ የሞቱት ከሌሎቹ የባሱ ኃጢአተኞች ስለሆኑ አይደለም ብሎ ሟቾቹን ከፍርድ አዳነ። ቀጥሎ ማንም ያልጠየቀውን ሌላ ሞት አነሣ፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች። ሁለቱንም ነግሮ ሲያበቃ ቃሉን ወደ ሰሚዎቹ መለሰና ንስሐ ግቡ አላቸው።

ልብ በሉ። አንደኛው ሞት የሰው ክፋት ያመጣው ነው። ሁለተኛው የግንብ መውደቅ ያመጣው ነው። በቦርቦን ጎዳና ሁለቱም በአንድ ሌሊት ተገናኝተዋል፤ ሊገድል የወሰነ ሰው ነበረ፣ ሊቆም ሲገባው ያልቆመ ማገጃም ነበረ። ስለዚህ ትምህርታችንን በሦስት ከፍለን እንየው።

አንደኛ፤ በደል የአድራጊው ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ በአባቱ፣ አባትም በልጁ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ያስተምራል። አባትና ልጅ እንኳ አንዱ በሌላው በደል ካልተጠየቁ፣ አንድ ሰው ባደረገው ስደተኛ ሁሉ፣ ሙስሊም ሁሉ ወይም ነጭ ሁሉ እንዴት ይጠየቃል? ይህን እኛ ልንስተው አይገባም። እንዲህ ያለ ዜና ሲሰማ በኤርፖርቱ ተራ የሚጠብቀው ሾፌራችን፣ በክላርክስተን ሱቁን የሚከፍተው ወንድማችን አስቀድሞ የሚጠይቀው የገዳዩን ስም ነው፤ የእኛ ሰው እንዳይሆን ብሎ ይሰጋል። ያ ስጋት ከየት መጣ? የአንዱ በደል በሌላው ላይ እንደሚለጠፍ በኑሮ ስላየነው ነው። በራሳችን ሲደርስ ግፍ ያልነውን በሶማሊያዊው ወይም በሶርያዊው ጎረቤታችን ላይ ስናደርገው ጽድቅ አይሆንም።

ይህች ከተማም የራሷ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. በ1996 የአትላንታ ኦሎምፒክ ሲካሄድ በሴንቴኒያል ፓርክ ቦምብ ፈነዳ። ሪቻርድ ጁዌል የተባለ የጥበቃ ሠራተኛ ቦምቡ ያለበትን ቦርሳ ቀድሞ አይቶ ለፖሊስ አመልክቶ፣ ሰውንም አርቆ የብዙዎችን ሕይወት አትርፎ ነበር። በቀናት ውስጥ ግን ስሙ በተጠርጣሪነት በጋዜጣ ወጣ። ዐቃቤ ሕግ ተጠርጣሪ አለመሆኑን በደብዳቤ እስኪያረጋግጥለት ድረስ ሦስት ወር ያህል በካሜራ ተከቦ ኖረ። ቦምቡን ያፈነዳው ኤሪክ ሩዶልፍ ጥፋቱን ያመነው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ፍርድ ቤት ለሚቆም ምስክር ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሳያጣራ ወሬ የሚያጋራውንም ይመለከታል።

ሁለተኛ፤ ጥበቃ የሁላችን ነው። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለጣራው መከታ እንዲያበጅ ታዟል፤ ሰው ከላይ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ባለቤት ላይ እንዳይሆን ነው። በዘጸአት 21 ደግሞ ተዋጊነቱ የታወቀ በሬ ያለው ሰው ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀርና በሬው ሰው ቢገድል ባለቤቱ ይጠየቃል። ሕጉ ማወቅንና ተጠያቂነትን አይለያይም፤ የተነገረው ሰው ዕዳ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ በከባድ መኪና 86 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ብዙ ከተሞች መንገዳቸውን ማጠር ጀመሩ። ኒው ኦርሊንስም በቦርቦን ጎዳና በሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ መንገድ የሚዘጋ የብረት ምሰሶ አስተከለች። ነገር ግን በማርዲ ግራ በዓል ለሕዝቡ የሚወረወረው የፕላስቲክ ዶቃ በሐዲዱ እየገባ ምሰሶውን እንዳይንቀሳቀስ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀረበ የጸጥታ ጥናት ምሰሶው በቶሎ እንዲጠገን አሳስቦ ነበር። ያ ሰው መኪናውን በነዳበት ሌሊት አሮጌው ምሰሶ እየተነቀለ፣ አዲሱ ገና እየተተከለ ነበር። ይህን የምናነሣው የገዳዩን በደል ለከተማው ሹማምንት ለማካፈል አይደለም፤ የ14ቱ ደም በገዳዩ ላይ ነው። መከታውን በጊዜው ያላበጀ ግን ስለ መከታው ይጠየቃል። ፖለቲካው ብዙ ጊዜ ይህን ይገለብጠዋል። የአንዱን በደል ለብዙዎች ያድላል፤ የሁሉ የሆነውን ጥበቃ ግን እርስ በርስ ይገፋፋበታል።

ሦስተኛ፤ ቁጣ ልጓም ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2017፣ በጾመ ፍልሰታ፣ በቨርጂኒያዋ ሻርለትስቪል አንድ የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ መኪናውን የነጭ የበላይነት ሰልፍን በሚቃወሙ ሰልፈኞች ላይ ነድቶ የ32 ዓመቷን ሄዘር ሄየርን ገደለ። በማግሥቱ እዚህ አትላንታ የተቆጡ ሰዎች ወደ ፒድሞንት ፓርክ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1911 በቆመው ሐውልት ላይ ቀለም ረጩ፤ ሊጥሉትም ሞከሩ። ሐውልቱ የኮንፌደሬት፣ ማለትም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ይዞ የተዋጋው የደቡብ ወገን፣ ወታደር ያለበት ነው፤ በላዩ የቆመው መልአክ ግን ወታደሩን መሣሪያህን አውርድ የሚል ነው። ስሙም የሰላም ሐውልት ይባላል። ቁጣው ምክንያት ነበረው፤ ያ ሐውልት የሚዘክረው የሰሜንና የደቡብ እርቅም ጥቁሮችን ያገለለ ነበር። ይህንን ግን የነገረን የተረጨው ቀለም አይደለም። ከተማው ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ሕዝብ አወያይቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ከሐውልቱ አጠገብ ያቆመው የማብራሪያ ሰሌዳ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ኮንፌደሬት አቬኑ የተባለው ጎዳና ዩናይትድ አቬኑ ተብሏል። የሄዘር ሄየር እናት በልጇ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ ቁጣችሁን ወደ ጥላቻ ሳይሆን ወደ ጽድቅ ሥራ አዙሩት ብላ ለምና ነበር። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በወንድሙ ላይ የሚቆጣውን ከነፍሰ ገዳዩ ጋር በአንድ ትምህርት ያነሣው፣ ግድያ ከእጅ በፊት በልብ እንደሚጀምር ሊያሳየን ነው።

እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ታዲያ ክርስቲያን ገዳይ እንዲቀጣ አይፈልግም ወይ? ይፈልጋል። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 12 በገዛ እጃችን እንዳንበቀል ከልክሎ፣ በምዕራፍ 13 ደግሞ ክፉ አድራጊን መቅጣት የሹም ሥራ መሆኑን ይነግረናል። የሻርለትስቪሉ ገዳይ በቨርጂኒያ ፍርድ ቤትም በፌዴራሉም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። የቨርጂኒያው ማስረጃ ተሰምቶ፣ ተከሳሹ ተከራክሮ፣ የፌዴራሉም ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ የተሰጠ ፍርድ ነው። የተከለከለው መንጋው የሚሰጠው ፍርድ ነው።

እንግዲህ ይህን ትምህርት በሥራ ላይ እናውለው። እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሳችሁ የፖሊስ መግለጫ ሳይወጣ ስለ ገዳዩ ዘርና ሃይማኖት አታጋሩ። የሟቾቹ ስም ሲታወቅ በስማቸው ጸልዩ፤ ከሚያለቅሱ ጋር ማልቀስ ከክርክር ይቀድማል። በስሙ ምክንያት የሚሰጋ ጎረቤት ካላችሁ በዚያው ሳምንት ሄዳችሁ ጠይቁት። የመምረጥ መብት ያላችሁ የከተማው ምክር ቤት ስለ መንገድ ደኅንነት ሲወያይ ተገኙ፤ መከታ ማበጀት የእናንተም ግዴታ ነው። መሪ የምትጨብጡ ሾፌሮች በተለይ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ ኦክላሆማ ያሉ ግዛቶች ከሁከት ሲሸሽ ሰው የገጨን ነጂ ከክስ የሚከላከል ሕግ አውጥተዋል። ክርስቲያን ግን በሕግ እጠየቃለሁ ወይ ብሎ ብቻ አያቆምም፤ ከፊቱ የቆመው ሰው የእግዚአብሔር አርአያ ነው። ሰልፍ መንገድ ዘግቶ ቢያስመሽባችሁ ሞተሩን አጥፉና ጠብቁ። የቀረባችሁ ገቢ ይተካል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።