የገብስ ዋጋ፣ የበቅሎ ኪራይና ቋሚ ንጽጽር

ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አምባራስ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ተራሮች ደጋ ሁሉ፣ ዋናው ሰብል ገብስ ነው። ገብሱን ደባርቅ አውርዶ የሚሸጥ ገበሬ የሚያገኘው ገንዘብ ከጫነው መጠን ጋር እኩል ያድጋልን? ጥያቄው የትምህርት ቤት ሒሳብ ቢመስልም የኪስ ጉዳይ ነው።

ለስሌት እንዲያመች የ1 ኪሎ ገብስ ዋጋ 60 ብር ነው እንበል። 40 ኪሎ 2,400 ብር፣ 80 ኪሎ ደግሞ 4,800 ብር ያወጣል። ገንዘቡ ለኪሎው ሲካፈል ሁልጊዜ 60 ይመጣል። በሒሳብ ቋንቋ ዋጋና ክብደት በርቱዕ ወደር ተያይዘዋል፤ 60 የወደሩ ቋሚ ነው። በግራፍ ቢነደፍ ከዜሮ የሚነሳ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል።

ቋሚ ሲባል ግን የማይነካ ማለት አይደለም። አንድ የአሜሪካ ዶላር ለ20 ዓመታት ገደማ በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ሲመነዘር ኖሮ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ገባ። የ100 ዶላር ምንዛሪ ከ207 ወደ 500 ብር ቢዘልም ግንኙነቱ ወደራዊ እንደሆነ ቀጥሏል፤ የተለወጠው ቋሚው ነው።

የበቅሎ ኪራይ ሲገባ ነገሩ ሌላ ነው። በቅሎዋ ሙሉም ተጫነች ግማሽ ኪራይዋ ያው 600 ብር ቢሆን፣ 80 ኪሎ የጫነው 4,200 ብር ሲቀረው 40 ኪሎ የጫነው የሚቀረው 1,800 ብር ብቻ ነው። ጭነቱ በግማሽ ሲቀንስ ገቢው ከግማሽ በታች ወረደ። የመጀመሪያው በኪሎ 52 ብር ከ50 ሳንቲም ሲያገኝ ሁለተኛው 45 ብር አገኘ። መስመሩ አሁንም ቀጥ ያለ ነው፤ ከዜሮ ስለማይነሳ ግን ወደርነቱ ቀርቷል። ገንዘብ ሲቸግረው ጥቂት ጥቂት እያወረደ የሚሸጠው ድሃ ገበሬ፣ ነጋዴው በሚዛን ባያታልለው እንኳ፣ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች 40፣ 40 ኪሏቸውን በአንዲት በቅሎ ቢጭኑ ለእያንዳንዳቸው 2,100 ብር ይደርሳቸዋል፤ ለየብቻ ከመውረድ በ300 ብር ይሻላል።

በጣሳ የሚሰፍርም ይጠንቀቅ። የጣሳው ብዛትና የእህሉ ክብደት የሚወደሩት ጣሳው፣ አሰፋፈሩና የእህሉ ዓይነት እስካልተለወጡ ድረስ ነው። በዚያው ጣሳ ስንዴ ከገብስ ይከብዳል። ስለዚህ በገብስ የተለመደውን የጣሳና የኪሎ ንጽጽር ለስንዴ የሚጠቀም ሻጭ፣ በየጣሳው የተወሰነ እህል ያለ ዋጋ አስረክቦ ይመለሳል።