ሰባት ዓመት በገነት፦ ተማሪ ስለ መቅጠር የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቡና እየጠጣን ሳለ አንድ ወንድማችን ጠጋ ብሎ፣ «መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለአራት ወር ከቀጠርክ መንግሥት ከደመወዙ ይመልስልሃል አሉኝ፤ እውነት ነው?» አለኝ። ይህ ወንድማችን የቤት ማሞቂያ የሚጠግን ድርጅት አለው፤ ሠራተኞቹ አምስት ናቸው። «እውነት ነው» አልኩት። «እንግዲያው ሁለት እቀጥራለሁ» ብሎ ሊነሳ ሲል እጁን ያዝኩት። መቅጠሩን ጠልቼ አይደለም፤ ነገሩን ከጅራቱ ስለያዘው ነው። ስለ ገንዘቡ በኋላ እንመለስበታለን። ዛሬ ከራሱ እንጀምር።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራው። እዚህ ካናዳ «ኮ-ኦፕ» ሲባል ከእኛ ሰው ገሚሱ የኮ-ኦፕ ቤት፣ ገሚሱ የሸማቾች ማኅበር ይመስለዋል። እኛ የምንናገረው ስለ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። ተማሪው አንዱን ወቅት ክፍል ውስጥ ይማራል፤ ቀጣዩን ወቅት፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ወር፣ በሚማረው ሙያ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ከዚያ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እስኪመረቅ ድረስ እንዲህ እየተፈራረቀ ይቀጥላል። በሀገር ቤት በቴክኒክና ሙያ ተቋማት «የትብብር ሥልጠና» የሚባለው የዚህ የቅርብ ዘመድ ነው። የምሕንድስና ተማሪዎች የሚወጡበት ኢንተርንሺፕ ግን ራቅ ይላል፤ አንዴ ወጥተው ይመለሳሉ እንጂ አይመላለሱምና።

መንገዱን የጠረገው ኸርማን ሽናይደር የሚባል አሜሪካዊ የምሕንድስና መምህር ነው። በ1906 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ በ27 ተማሪዎች ጀመረ። ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አደረጋቸው፤ አንዱ ክፍል በገባበት ሳምንት ጓደኛው ፋብሪካ ይውላል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይለዋወጣሉ። ወደ ካናዳ ስንመጣ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1957 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚህ ሥርዓት ነበር ያስተማረው።

አሁን ወደ ትምህርታችን እንግባ። ጥያቄው ይህ ነው፦ ሥራና ትምህርት በእግዚአብሔር ዘንድ ሁለት ነገር ናቸው ወይስ አንድ?

ብዙዎቻችን ሥራ የመጣው ከእርግማን ጋር ይመስለናል። ልጆቻችንንም «እንደ እኔ እንዳትለፋ ተማር» እያልን ነው የምናሳድጋቸው። በእርግማኑ የመጣው ግን ወዙና እሾሁ ነው፤ ሥራው ከዚያ በፊት ነበረ። በዘፍጥረት 2፥15 እግዚአብሔር አዳምን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው፤ በዚያን ጊዜ ገና አልበደለም። ኦሪት ዘፍጥረት ይህን በአጭሩ ያልፈዋል። የሚዘረዝረው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ይህ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ ተጠብቆ የኖረው በእኛው በግእዝ ነው፤ በቁምራን ዋሻዎች የተገኘው የዕብራይስጡ ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ስለዚህ አዳም በገነት ምን ይሠራ እንደ ነበር ስንጠየቅ እኛ ዝም የምንልበት ምክንያት የለም።

ኩፋሌ በምዕራፍ 3 የሚነግረን፣ አዳምና ሔዋን በገነት ሰባት ዓመት እንደ ቆዩ፣ በዚያም ምድሪቱን ሲሠሩና ሲጠብቁ እንደ ነበር፣ መላእክትም ለአዳም ሥራ እንደ ሰጡትና ለእርሻ የሚገባውን ሁሉ እንዳስተማሩት ነው። ቀስ ብለን እንየው፤ እዚህ ውስጥ ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ሥራው እውነተኛ ነው። መላእክቱ አዳምን ለመለማመጃ የሚሆን የይስሙላ እርሻ አልሰጡትም። የሠራት ያችኑ ገነትን፣ የጠበቃትም ያችኑ ገነትን ነው፤ ከአራዊትና ከአዕዋፍ ይጠብቃት ነበርና። ሁለተኛ፣ አስተማሪ አለው። «ገነት ይኸውልህ፣ እንደምንም ተወጣው» ተብሎ አልተተወም። ሦስተኛው ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ነው፦ ፍሬውን ይለቅም፣ ይበላ፣ የተረፈውንም ለራሱና ለሚስቱ ያኖር ነበር። ገና ሲማር ከሥራው ፍሬ ድርሻ ነበረው ማለት ነው። «መጀመሪያ ተማር፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ትበላለህ» አልተባለም።

በዚያው ስፍራ ዕራቁቱን ሳለ እንደማያፍርም ተጽፏል። እዚህ ላይ የራሴን ምሳሌ ልጨምር፤ ምሳሌ ነው እንጂ ትርጓሜ አይደለም። ጀማሪ ሁሉ በእኛ ፊት ዕራቁቱን ነው። የማያውቀው ሁሉ ይታያል፣ መሸፈኛ ልምድ የለውም። እንዲያፍር የምናደርገው ወይም የማናደርገው እኛ ነን።

ሥራ፣ አስተማሪ፣ ድርሻ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን ከራሴ ቤት ላሳያችሁ።

እንደምታውቁት በሥራ ቀን የእንጀራ መጋገሪያ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የምግብ ሳይንስ ተማሪ ለአራት ወር ቀጠርኩ። የሀገራችን ልጅ አይደለችም፤ እንጀራ ቀምሳ አታውቅም ነበር። በማስታወቂያው ላይ «የምርት ጥራት ረዳት» ብዬ ጻፍኩ። ስትመጣ የገና ጾም ነበርና ትእዛዝ ተደራረበ፤ ካርቶን ማሸግ ላይ አዋልኳት። «ለዛሬ ብቻ» ብዬ ነበር። ለዛሬ ብቻ ያልኩት እስከ አራተኛው ወር ሄደ። ደመወዟን በሰዓቱ ከፍያለሁ፣ ክፉ ቃልም አልተናገርኳትም፤ ሕሊናዬም አልወቀሰኝም።

እነዚህ ተማሪዎች የሥራው ወቅት ሲያልቅ ለትምህርት ቤታቸው ሪፖርት ይጽፋሉ። በመጨረሻው ቀን የእሷን አምጥታ አነበብኩት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የታሸገው ከረጢት በውስጥ በኩል ላብ ማውጣቱን አይታለች። እኛ እንጀራውን ከምጣድ አውጥተን፣ ደራርበን፣ እንፋሎቱ ሳይወጣለት እናሽገው ነበር። የራሷን ቴርሞሜትር አምጥታ በምሳ ሰዓቷ ለክታለች፤ የድርድሩ መካከል ከአንድ ሰዓት በኋላም ትኩስ ነው። ሱቆቹ በሦስተኛው ቀን ሻገተ ብለው የሚመልሱልን እንጀራ ምክንያቱ ይኸው ነበር። እኔ ግን እርሾውን ስወቅስ፣ የጤፉን አቅራቢ ስቀያይር፣ የአብሲቱን መጠን ከባለቤቴ ጋር ስከራከር ነው የከረምኩት። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አልጠየቁኝም፤ ደግሞ የእኔ ሥራ ካርቶኑ መስሎኝ» አለች። በማግሥቱ የሽቦ መደርደሪያ ገዛሁ፤ እሷ ግን ሄዳለች።

ድርሻዋን ሰጥቻታለሁ፤ ሥራውንና አስተማሪውን ከልክያታለሁ።

አሁን ወደ ወንጌል። በማቴዎስ 20 የተነገረው የወይኑ ቦታ ባለቤት ሠራተኛ ፍለጋ አምስት ጊዜ ወጣ፦ ማልዶ፣ በሦስት፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በዐሥራ አንድ ሰዓት። (እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን ይህን ሰዓት ማስረዳት መከራ ነው፤ ለእኛ ግን የወንጌሉ ሰዓትና የእጃችን ሰዓት አንድ ነው።) አባቶች ሰዓቶቹን በሰው ዕድሜና በዘመናት ይተረጉሟቸዋል፤ ያ እንደ ጸና ነው። እኔ ዛሬ የምፈልገው የዐሥራ አንድ ሰዓቶቹን መልስ ብቻ ነው። ለምን ሥራ ፈታችሁ ሲባሉ የቀጠራቸው ሰው እንደሌለ ተናገሩ። ባለቤቱም ቀድሞ የት እንደ ሠሩ አልጠየቃቸውም። የዛሬ ተመራቂ የሚሰማው ሌላ ነው፦ ልምድ ከሌለህ አንቀጥርህም፤ ካልተቀጠረ ደግሞ ልምድ የለውም። ዙሪያ ገጠም ነው፤ የሚሰበረው አንዱ አሠሪ በቅድሚያ ሲያምን ብቻ ነው። ኮ-ኦፕ የሚያደርገው ለዚህ እምነት ሥርዓት ማበጀት ነው።

ስለ ደመወዝ አጥብቄ ልናገር። የኦንታርዮ የሥራ ሕግ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኮሌጅ ባጸደቀው ፕሮግራም የሚሠራን ተማሪ ከሽፋኑ ውጭ ያደርገዋል፤ ዝቅተኛውን ደመወዝ እንኳ ባትከፍል ሕጉ ላይዝህ ይችላል። የኮ-ኦፕ ሥርዓቱ ራሱ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ሌላ ስም ሰጥቶ በነፃ ማሠራት ግን ቀላል ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በ22፥13 ወዮ የሚለው ባልንጀራውን በከንቱ አሠርቶ ዋጋውን ለሚነሳ ነው፤ ያ ሰው ንጉሡ ኢዮአቄም ነበር፣ ቤቱንም በዝግባ ይለብጥ ነበር። ንጉሥን የከሰሰው ማንም አልነበረም። የከሰሰው ነቢዩ ብቻ ነው።

አንዳንዶች እንዲህ ይላሉ፦ «የቆሎ ተማሪስ የኔታን እንጨት እየለቀመ፣ ውኃ እየቀዳ አልነበረም የሚያገለግል? ማን ከፈለው?» መልካም ጥያቄ ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ እየለመነ ተምሯል፤ ቅኔ ቤት የበሰለው አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን አስተምሯል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቱ ወጥቶ ያገለግል ነበር፣ አብዛኛው በመምህርነት። እያገለገሉ መማር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የኔታ ያንን እንጨት ገበያ አውጥተው አልሸጡም። ትምህርቱን በነፃ ሰጡ፣ አገልግሎቱን በነፃ ተቀበሉ። አንተ የተማሪውን ሥራ ለደንበኛ ሸጠህ ገንዘብ ከተቀበልክ የኔታን ምሳሌ አትጥራ።

ዝምድናም አያድንም። «የእኅቴ ልጅ ነው፣ ልምድ ያግኝ እንጂ ስለ ብር አያስብም» የሚባል ነገር አለ። ላባ እንኳ በዘፍጥረት 29፥15 ያዕቆብን ዘመዴ ስለሆንክ በነፃ ልታገለግለኝ ነውን ብሎ ደመወዙን እንዲናገር ጠየቀው። አጠያየቁ ያማረ ነበር፤ አፈጻጸሙን ታውቁታላችሁ፤ ያዕቆብ በኋላ ላባ ደመወዙን ዐሥር ጊዜ እንደ ለዋወጠበት ተናግሯል። ትምህርት ቤቱ መካከል መግባቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ደመወዙ አስቀድሞ ተጽፎ ይታወቃል፣ ማስታወቂያው ለሁሉ ይወጣል፣ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል። በዋተርሉ ደግሞ አሠሪው ተማሪዎቹን በደረጃ ያስቀምጣል፣ ተማሪዎቹም አሠሪዎቹን፤ ከዚያ ነው የሚገጣጠሙት። እናንተም እንደምትመረጡ አስቡት።

ኦሪት ዘዳግም 24፥15 የምንደኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳይገባ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ድሀ ነውና ነፍሱ በእርሱ ላይ ናት። ለአራት ወር ሌላ ከተማ የሚሄድ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሁለት ቤት ኪራይ አለበት። በየሁለት ሳምንቱ ክፈለው፤ የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ «ሲስተም ውስጥ ገና አልገባህም» ብለህ አታቆይበት።

ማን ያስተምረው? በዘጸአት 35፥34 ለባለ እጆቹ ለባስልኤልና ለኤልያብ ከተሰጣቸው ጥበብ ሌላ ማስተማርም በልባቸው እንደ ተጨመረ ተጽፏል። እጀ ጥሩ ሁሉ አስተማሪ አይደለም ማለት ነው። ከሠራተኞቻችሁ መካከል ፈጣኑን ሳይሆን ሲጠየቅ የማይቆጣውን ምረጡ። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ በመካከል የትምህርት ቤቱ አስተባባሪ ሲደውል «ደህና ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ በመጨረሻ የምትሞሉትን የግምገማ ቅጽ ተማሪው እያየ ሙሉት። ከልጅቷ በኋላ የቀጠርኩትን ተማሪ ዓርብ ዓርብ «ያላየሁት ምን አየህ?» እለው ነበር። ሁለት ዓርብ «ምንም» አለ። በሦስተኛው የቡሆውን በርሜሎች ማን መቼ እንዳጠባቸው የሚያሳይ ነገር እንደሌለ ነገረኝ።

ገንዘቡ ይኸውላችሁ። በኦንታርዮ ብቁ የሆነ የኮ-ኦፕ ተማሪ የቀጠረ ኩባንያ ከወጪው ከ25 እስከ 30 በመቶ፣ ለአንድ ምደባ ቢበዛ እስከ 3,000 ዶላር የግብር ተመላሽ ይጠይቃል፤ ትምህርት ቤቱ የሚሰጣችሁን ደብዳቤ አትጣሉት። ተማሪዎቹ የሚወጡት በጃንዋሪ፣ በሜይና በሴፕቴምበር ነው፤ ለሜይ የሚፈልግ ክረምቱ ሳይወጣ ማስታወቂያውን ያስገባ።

ያንን ወንድማችንን እጁን ይዤ የጠየቅሁት ይህን ነበር፦ «ተማሪው በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ምን ይሠራል?» ትንሽ ዝም አለ። «የደንበኞቼ ማሞቂያ ዓይነቱና ዕድሜው የት እንደ ተጻፈ አላውቅም፤ በየደረሰኙ ጀርባ ነው ያለው። ያንን መዝገብ ቢያደርግልኝና ብልሽቱ ከዕድሜው ጋር እንዴት እንደሚሄድ ቢያሳየኝ» አለ። «ጻፈው» አልኩት፤ በሶፍት ላይ ጻፈው። «ማን እየዞረ ያሳየዋል?» ስለው ከአምስቱ የአንዱን ስም ጠራ። ሌላ ስም እስኪጨምር ጠበቅሁት። አልጨመረም።

«እንግዲህ አንድ ነው የምቀጥረው» አለ።